«አየሁ» ካልኩ በኋላ የጠፋው ዓይኔ

ቀኝ ዓይኔ መጠዝጠዝ የጀመረው በቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቆሜ፣ ማይክሮፎን ይዤ፣ «ጌታ ዓይኔን አበራልኝ» እያልኩ ሳለ ነው። ጉባኤው ሃሌ ሉያ አለ። እኔን ከቅንድቤ ሥር አንድ ነገር ጠቅ አደረገኝ። ከባድ አልነበረም፤ አሸዋ እንደገባበት ዓይን ነው የቆረቆረኝ። ንግግሬን አላቋረጥኩም። «ፊታችሁን ለይቼ አያለሁ» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ የፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡትን አንድ በአንድ ለይቻቸዋለሁ። ከመድረክ ስወርድ የአምፖሉ ብርሃን ወጋኝ። መሐረቤን ዓይኔ ላይ ያዝኩ። ሰው የደስታ እንባ መሰለው።

ይህን የምጽፈው የዓይን ሞራ ተገኝቶባቸው ሰው ሠራሽ ሌንስ ሊተከልላቸው ወረፋ ለሚጠብቁ፣ ተተክሎላቸው ቤታቸው ለተኙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሚያስታምሟቸው ሰዎች ነው። ላስፈራራ አይደለም። ቀዶ ጥገናው ጥሩ ቀዶ ጥገና ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ከተሠሩት መካከል የማውቃቸው ሁሉ ዛሬ ያያሉ። ስለ እኔ ዓይን ግን እዚህ ሆሳዕና ውስጥ ሌላ ታሪክ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ እምነት ጎድሏት ነው የሚል። ስለዚህ የሆነውን ራሴ ላስቀምጠው። የሆስፒታሉንም የቤተ ክርስቲያኑንም ስም አልጠራም። የሚያውቁ ያውቃሉ።

የተወለድኩት ሺንሺቾ ነው። አግብቼ ሆሳዕና መጣሁ፤ ጡረታ እስክወጣም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በታይፕ ጀምሬ በኮምፒውተር ጨረስኩ። ባሌ ሞቷል፤ ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። የምኖረው ከታላቅ እህቱ ከእትዬ ታደለች ጋር ነው። አንድ ግቢ፣ ሁለት ቤት፣ ከኋላ የእንሰት ጓሮ። ታደለች ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ የምትጠራኝ «የቢሮ ሴት» እያለች ነው። «የቢሮ እጅ እንሰት አይፍቅም» ትላለች፤ ሰው ፊት፣ እየሳቀች። ባሌ ሲሞት ለቅሶው ሳይነሣ ጓሮውን «የአባቴ ነው» አለች። አልተከራከርኳት፤ አልረሳሁትምም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሞራው ሲጀምረኝ፣ ፊደል እየተደራረበብኝ ሲመጣ፣ ዓይኔ ቢጠፋ በማን እጅ እንደምወድቅ አውቅ ነበር። አንድ ልጄ ሰላማዊት ዱራሜ አስተማሪ ናት፤ የራሷ ቤት፣ የራሷ ልጆች አሏት። ግቢው ውስጥ ያለችው ታደለች ናት። ቀዶ ጥገናውን የፈለግኩት ለማየት ብቻ አልነበረም። በእሷ እጅ ተይዤ ሽንት ቤት ላለመሄድ ነው።

ሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ ነበረባቸው። ቀኙ ብሶ ስለነበር መጀመሪያ እሱ ይሠራ ተባለ። በማደንዘዣ ጠብታ ነው የሠሩኝ። ዓይኔን በቡናማ መድኃኒት አጠቡት፤ ፊቴን በጨርቅ ሸፈኑት፤ ከላይ ኃይለኛ መብራት ነበር። ከፈራሁት ፈጥኖ አለቀ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ የነርሷን ፊት አየሁ። ጉንጯ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለቻት። ነጥቧን በማየቴ ማልቀሴን ማንም አላየም፤ ፊቴን አዞርኩ።

ነርሷ ኮሪደር ላይ ሰብስባ ሁላችንንም አንድ ላይ መከረችን። ውሃ እንዳይነካው። በእጅ እንዳይታሽ። አታጎንብሱ። ጠብታው በሰዓቱ ይግባ፣ የሚያስገባው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ስትተኙ የዓይኑ መከለያ በፕላስተር ይታሰር። «ሕመም ከተሰማችሁ፣ ከቀላ፣ ማየታችሁ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ» አለች። ሰማሁ። አጠገቤ ቆማ የነበረችው ታደለችም ሰማች፤ ሰላማዊት ፈተና ላይ ስለነበረች አስታማሚዬ እሷ ነበረች። ነርሷ ስለ ውሃ ነገረችን፣ ስለ አቧራ ነገረችን፣ ስለ ጭስም ነገረችን። ስለ ቅቤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከየት አገር እንደመጣች አላውቅም። የእኛ አገር ሰው ብትሆን ከውሃው በፊት ቅቤውን ታነሣ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ታደለች ለጋ ቅቤ በሳህን ይዛ መጣች። እኛ ዘንድ አራስም፣ ሙሽራም፣ ከሕመም የተነሣ ሰውም አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። እምቢ ማለት የቀረበን ምርቃት መመለስ ነው።

«ነርሷ እንዳይነካ ብላለች» አልኳት።

«ውሃ ነው ያለችው። ቅቤ ውሃ ነው እንዴ?»

ሻሼን ፈታሁ። ታደለች ሥራዋን ስታውቅ ታውቃለች፤ ጸጉሬን ከፋፍላ፣ በጣቷ እያሸች፣ እስከ ግንባሬ አወረደችው። ለረጅም ጊዜ እንዲህ የነካችኝ ቀን አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም እጽፋለሁ፤ እውነት ስለሆነ። በብርድ ልብስ ተሸፍኜ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ቅቤው ቀልጦ ትራሱን አርሶታል፤ የመከለያው ፕላስተር ተላቆ ወልቋል፤ ሽፋሽፍቴ በቅቤ ተጣብቋል። ታደለች በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። መከለያውንም መልሳ አሰረችው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

ልመሰክር እንደሆነ ያወቅሁት ስሜ ከመድረክ ሲጠራ ነው፤ ስወጣ መከለያውን አነሣሁት። ለሽማግሌዎቹ የነገረችው ታደለች ናት። ምስክርነት ለማታውቁ፦ ጌታ ያደረገላችሁን በጉባኤ ፊት ቆማችሁ ትናገራላችሁ። ከተናገራችሁ በኋላ ነገሩ የእናንተ ብቻ አይሆንም፤ የጉባኤውም ነው። መልካም ልማድ ነው፤ ሰውን ያጽናናል። ዶክተሩ ገና «ድነሻል» ሳይል ዳንኩ ለሚል ሰው ግን አደገኛ ነው። ይህን የሚጽፍ ሰው ስላላገኘሁ እኔ ጻፍኩት።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ከዓይኔ ወደ ሰረሰሬ ወረደ። ሰኞ ጠዋት ታደለችን ጠራኋት።

«እትዬ፣ ዓይኔን አሞኛል። ሆስፒታል እንሂድ።»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ።»

«ትናንት በጉባኤ ፊት ዳንኩ ብለሽ፣ ዛሬ አመመኝ? ምስክርነትሽን በገዛ አፍሽ ልታፈርሺው ነው? ጠላት ምስክርነት ሲሰማ ይቆጣል፤ የሚወጋሽ እሱ ነው። ጸልዪና አፍሽን ያዢ።»

«ነርሷ ካመማችሁ ኑ ብላለች።»

«ነርሷ ለማያምን ነው የተናገረችው።»

ይህን ያለችበት ፊት አሁንም ይታየኛል። ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ብቻዬንም ቢሆን እሄድ ነበር።

ከዚያ እንግዶች መጡ። የባሌ ዘመዶች ምስክርነቴን ሰምተው ከፎንቆ ነው የመጡት፤ አይብና ቆጮ ይዘው፣ «እንኳን ጌታ ረዳሽ» ሊሉኝ። እንግዳ ጥሎ መውጣት ነውር ነው። የባሌ አጎት፣ ጨዋታ የሚወዱት ሽማግሌ፣ ከፊት ለፊቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የሰላም እናት፣ እስቲ ይሄ ስንት ነው?» ብለው ጣታቸውን አነሡ።

ቀኝ ዓይኔ ያሳየኝ ጭጋግ ብቻ ነበር። በግራው፣ ገና ባልተሠራው፣ በሞራው መሐል አጮልቄ ቆጠርኩ።

«ሦስት» አልኩ።

ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። «ገና ሙሽራ እንድርሻለን!» አሉ ሽማግሌው። ሁሉም ሳቀ። ታደለች ከሁሉም በላይ ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግ ስል ጉንጬ ዓይኔን ወደ ላይ ገፋውና ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ጸለዩልኝ፤ በሉ፤ ጠጡ። አመሻሽ ላይ ሄዱ።

ማክሰኞ የዓይኔ ቆብ አበጠ። አልገለጥ አለ። በጣቴ ገለጥኩት። የታየኝ ነጭ ብቻ ነበር። መስኮቱ የት እንዳለ ብቻ ለየሁ። ትራሱ ላይ ቢጫ ፈሳሽ ነበር። ታደለች አየችው። ጠረገችው። ጠብታውን በሰዓቱ አስገባችልኝ። እጇን ታጥባ እንደሆነ አላየሁም። በግራው ያን ያህል አጥርቼ ማየት አልችልም ነበር።

ማታ ሰላማዊት ደወለች። ታደለች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ዓይንሽስ?»

«ደህና ነው። ደህና ነኝ። ደህና።»

«ሲበዛ ደህና ሆንሽብኝ» አለችና ዘጋች።

ሮብ ጠዋት ከዱራሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ መከለያውን አነሣችው። አልጮኸችም። አክስቷን ዞራ አላየቻትም። ባጃጅ አስጠርታ ነጠላዬን አለበሰችኝ። ታደለች በሩ ላይ ቆማ «ሰላም፣ መጀመሪያ እንጸልይ» ስትላት ልጄ «ባጃጁ ውስጥ እጸልያለሁ» አለች።

ዶክተሩ ወጣት ነበር። በመሣሪያው ውስጥ ሲያየኝ ትንፋሹ ቆም ሲል ሰማሁት።

«እማማ፣ ዓይንዎ ውስጥ መግል አለ። ኢንዶፍታልማይትስ ይባላል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ባክቴሪያ ወደ ዓይን ውስጥ ሲገባ የሚመጣ ነው። ሁሌ የሚደርስ አይደለም። ሲደርስ ግን እንጣደፋለን። መቼ ነው የጀመረዎት?»

«እሁድ።»

«ዛሬ ሮብ ነው» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ከተሰደብኩበት ስድብ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ዓይኔ ውስጥ አንቲባዮቲክ በመርፌ መስጠት ነበረበት። ማደንዘዣ አደረጉ። አልደነዘዘም። የተቆጣ ዓይን ማደንዘዣ በደንብ አይቀበልም ብለውኛል። ሰላማዊት ጭንቅላቴን ያዘች። «አይንቀሳቀሱ» አለ። አልተንቀሳቀስኩም። መርፌው ገባ። ጥላው ታየኝ። ከዚያ ውስጡ ጥቁር ነገር ተበተነ። መድኃኒቱ ነበር። በዚያ ዓይን ቅርጽ ያለው ነገር ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

በዚያው ቀን አዲስ አበባ ሪፈር ተባልኩ። መንገዱን አላስታውስም፤ የማስታውሰው ቡታጅራ ላይ መኪናው ሲቆም ሰላማዊት ውሃ ልታጠጣኝ ስትሞክር ጥርሴ መግጠሙን ነው። አዲስ አበባ ቪትሬክቶሚ ሠሩልኝ፤ በመግል የተበከለውን የዓይን ውስጥ ፈሳሽ አጥቦ የማውጣት ቀዶ ጥገና ነው። መርፌውም ተደገመ። ዓይኑ ከነቅርጹ ተረፈ፤ አላወጡትም። ማየቱ ግን አልተረፈም። የአዲስ አበባዋ ሐኪም ፊቴ ላይ እጇን ስታወዛውዝ የሚንቀሳቀስ ነገር መኖሩን አውቃለሁ፤ መብራት ሲበራና ሲጠፋም አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ምንም የለም።

ከመውጣቴ በፊት ስለ ቅቤው ጠየቅኋት። ሙሉውን ነገርኳት፤ ትራሱን፣ ፕላስተሩን፣ የነጠላውን ጫፍ። ታደለች አጠፋችው እንድትለኝ ነበር የፈለግኩት፤ ይህን አልደብቅም።

«ማረጋገጥ አልችልም» አለችኝ። «ባክቴሪያው ከራስዎ የዓይን ቆብ ሊሆን ይችላል፣ ከቀዶ ጥገናው ሊሆን ይችላል፣ ከቅቤውም ሊሆን ይችላል። ቅቤው ጥሩ አልነበረም። ግን በእርግጠኝነት የምነግርዎት ስለ አንድ ነገር ነው። ሰኞ ቢመጡ ኖሮ የተሻለ ዕድል ነበረዎት።»

ሰኞ። ጣት ስቆጥር የዋልኩበት ሰኞ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ረጅም ነበሩ፤ በአንድ ዓይን፣ እሱም ሞራ ባለበት ዓይን መኖርን የሚያስተምር ሰው ስለሌለ ሁሉንም በመውደቅ ነው የተማርኩት፤ ውሃ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጪ እየፈሰሰ፣ ደረጃ ስወርድ የመጨረሻው ደረጃ ያለፈ እየመሰለኝ፣ በቀኜ በኩል የሚመጣ ባጃጅ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ራሱን ሳላየው ከአጠገቤ እያለፈ። ሰላማዊት ዱራሜ ወስዳኝ ነበር። የልጅ ልጆቼ በቀኜ በኩል ሰላም ሲሉኝ እንደማልመልስ ሲገባቸው በግራዬ እየዞሩ መምጣት ጀመሩ፤ ማንም ሳይነግራቸው። ግን የሰው ቤት፣ የልጅም ቢሆን፣ የሰው ቤት ነው። ወደ ሆሳዕና ተመለስኩ።

የምስክርነቱ መድረክ መሪ የነበሩት ሽማግሌ ሊጠይቁኝ መጡ። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እህታችን፣ ምናልባት በልብሽ ጥርጣሬ ነበረ ይሆን?» አሉኝ።

«ጥርጣሬ አልነበረም» አልኳቸው። «መግል ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። እኔም እሁድ እሁድ የኋላው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ከእግዚአብሔር ጋር ያለኝን ነገር ከእሱ ጋር እጨርሰዋለሁ፤ ከእሳቸው ጋር የምጨርሰው ይህንን ነው፤ ይኸው ጨርሻለሁ።

ተስፋ ቆርጬ ነበር ስል ለጌጥ አይደለም። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ ቀኙ ዛሬስ ምናልባት ብዬ መሞከር ነበር። በየቀኑ አደርገው ነበር። በየቀኑ ያው ነው። በመጨረሻ መሞከሩን ተውኩት። የተሻለኝ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ደከመኝ። ከአልጋ ሳልነሣ የምውልባቸው ቀናት ነበሩ። ታደለች ምግብ በሩ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። አንድም ቀን «ይቅርታ» አላለችም። አንድም ቀን ምግቡ አልቀረም። የትኛው እንደሚያናድደኝ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ለእናንተ የምመክረው እንዲህ ነው። ሌንስ ከተተከለላችሁ ዓይናችሁ እስኪድን ድረስ የማንንም ጣት አትቁጠሩ። ሐኪም ያላዘዘው ነገር አናታችሁን አይንካው፤ ቅቤም ቢሆን፣ የጸሎት ዘይትም ቢሆን። የሚወዳችሁ ሰው ከሆነ የሚያመጣው፣ እምቢ ማለቱ ይበልጥ ይከብዳል፤ እንግዲያው ከቀዶ ጥገናው በፊት አስቀድማችሁ ንገሩት። እንግዳ መቀበል ደግሞ ቆይቶም ይደርሳል። መመስከር ከፈለጋችሁ ሐኪሙ የመጨረሻውን ጠብታ ካቆመ በኋላ መስክሩ፤ እግዚአብሔር ይጠብቃል፤ ባክቴሪያ አይጠብቅም። ካመማችሁ፣ ከቀላ፣ ከደበዘዘ፣ መስክራችሁም ቢሆን፣ ቤታችሁ በሰው ቢሞላም፣ ተነሡና ሂዱ። ነገን አትጠብቁ። አስታማሚዎች ደግሞ በሽተኛው ደህና ነኝ ሲላችሁ መከለያውን አንሥታችሁ እዩ። ነርሶችም ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ ቅቤን በስሙ ጥሩት።

ምስጋናዬ ለልጄ ነው። «ዛሬ ሮብ ነው» ብሎ ሌላ ላልጨመረው ዶክተር። «ማረጋገጥ አልችልም» ላለችኝ ሐኪም፤ በዚያን ጊዜ ጠልቻት ነበር፤ አሁን ግን ሳልዋሽ የምጽፈው እሷ ሳትዋሸኝ ስለቀረች ነው።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ግን ግራ ዓይኔ አለ።

ሞራው ባለፈው ክረምት በርትቶ አሁን ፊት በፊት የቆመን ሰው የማውቀው በድምፁ ነው። ይህንንም የምጽፈው በወፍራም ማርከር፣ በትላልቅ ፊደላት ነው፤ ሰላማዊት ትገለብጠዋለች። ያ ወጣት ዶክተር ግራውም መሠራት አለበት ይለኛል።

«ዋስትና ይሰጡኛል?» አልኩት።

«አልሰጥም እማማ። ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። ካልተሠራ ደግሞ እንደማያዩ እርግጠኛ ነኝ።»

ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዤ ቀረሁ። ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ፣ ያ መርፌ በግራ ዓይኔ ሲመጣ ይታየኛል። ያኔ መስኮቱንም አልለይም። ያኔ በታደለች እጅ እያለሁ ነው የምሞተው።

ባለፈው ሳምንት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤት ያጠበውን ጋቢ በአጥራችን ላይ አስጥቶታል። ታደለች ከጓሮ ወጣች፤ ቆመች፤ ከዚያ በታላቅ አክብሮት፣ «ኧረ ይግቡ! ለምን በፀሐይ ይቆማሉ? ይግቡ እንጂ በሞቴ!» አለች።

መጀመሪያ ሰው ያለ መሰለኝ። ነጭ ነገር መሆኑን ብቻ ነው የማየው። ነፋስ ሲመጣ ጋቢው ተገለበጠ። ከዚያ ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

«እንግዳሽ አይገባም እትዬ። ልብስ ነው።»

ተንደርድራ መጥታ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣችም። ያኔ ሳቄ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ታደለች።» እትዬ ሳልል ጠርቻት አላውቅም።

መጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከመቀመጧ በፊት በእጇ ደረጃውን ፈለገችው። «ከአምና ጀምሮ» አለች። «ሁለቱም።»

«ለምን አትሄጂም?»

«የአንቺን አይቼ ነዋ!»

«የእኔን ማን አጠፋው?»

ጥፍሯ ሥር የገባውን የእንሰት ቅሪት ስትፍቅ ድምፁ ተሰማኝ። እኔም አልደገምኩትም። ብዙ ጊዜ ያቆየሁት ጥያቄ ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ ያሰብኩትን ያህል አልከበደም።

«ቀጠሮሽ መቼ ነው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«የሚመጣው ሳምንት። አልሄድም።»

«ሂጂ። አንቺ ተሠሪ፣ እኔ አያለሁ።»

«በእኔ ዓይን ልትሞክሪው ነው?»

«አዎ» አለች፤ ሳታፍር። «በማን ልሞክረው?»

ልቆጣ ፈለግኩ። ግን እዚያ ተቀምጠን ያለነውን ሁለት አሮጊቶች ቆጠርኩ። አራት ዓይን። አንዱ ሞቷል፤ ሦስቱ በሞራ ተሸፍነዋል፤ ሦስቱም የሚጠብቁት የእኔን አንዱን ነው። የእኔ ከጠፋ እሷ ምንም ቢሆን አትሄድም። ያኔ ማን ማንን እንደሚመራ እግዚአብሔር ይወቅ።

«ሰላማዊት መምጣት አትችልም» አልኳት። «ሆስፒታሉ ደግሞ ያለ አስታማሚ አይቀበልም።»

«እኔ አለሁ።»

«ቅቤ አይገባም።»

«አይገባም።»

«እንግዳ አይገባም። ከፎንቆም ቢመጣ፣ ከሰማይም ቢመጣ።»

«በሩን በቁልፍ እዘጋዋለሁ።»

«መድረክ ላይ ስሜን ቢጠሩ—»

«አይጠሩም። ነግሬያቸዋለሁ።» መቼ እንደነገረቻቸው አልጠየቅኳትም።

ይቅር አላልኳትም። እሷም ይቅርታ አልጠየቀችኝም። የሚመጣው ሳምንት የሚሆነውን አላውቅም፤ ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ አሁን ነው የምፈራው፤ አሁን ሊሆን የሚችለውን አውቃለሁና። ግን እሄዳለሁ። ታደለች ለመነሣት እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ የቱ ጋ እንዳለሁ በትክክል ስላላየች እጇ ከትከሻዬ አልፎ አየር ላይ ቀረ። ያዝኩት።

«የሰላም እናት» አለችኝ እየተነሣች፣ «ካመመሽ ጩኺ። ቤት ሙሉ ሰው ቢኖርም ጩኺ።»